ስለ ሞተር ለውጥና ስለ ሽቦው አገጣጠም ፤ አንድ ሂስ

በአገራችን የአንዱን መኪና ሞተር አውጥቶ በሌላ መተካት የተለመደ ሥራ ነው። ሞተሩ ዘይት መብላት የጀመረበት ባለመኪና ሌላ መኪና ለመግዛት ዐቅም የሌለው እንደ ሆነ፥ ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር ገዝቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኗል፤ በእጅ ያለውን መኪና ማቈየት ለብዙ ሰው ግዴታ ነውና።

ስለዚህ ሥራ የምንሰማው ምስጋናም ሆነ ወቀሳ ግን ዘወትር ስለ ብረቱ ነው። የሞተሩ መቀመጫ እንዴት እንደ ተበየደ፥ ካምቢዮው እንዴት እንደ ገጠመ፥ ራዲያተሩ እንዴት እንደ ተሸጋሸገ ይተረካል። ሽቦውን የሚያነሣው የለም። ሽቦ የመጨረሻው ሌሊት ሥራ ነው፤ ባለመኪናው በደጅ ቆሞ «አልደረሰም ወይ?» እያለ ሲጠይቅ በጥድፊያ ተቀጥሎ፥ በናስትሮ ተጠቅልሎ፥ ከክሩስኮቶ ሥር የሚደበቅ ነገር ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በአንድ ሌሊት የተደበቀው ሽቦ ኋላ ለብዙ ወራት የሚለቀም ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመርና መንቀፍ ነው። ነቀፋችን የሚያርፈው በሦስት ወገን ላይ ነው፤ አስቀድሞ በጋራዡ አሠራር፥ ቀጥሎ መፍትሔው አዲስ ዕቃ መግዛት ብቻ ነው በሚሉት፥ በመጨረሻም በራሳችን በተማሪዎቹ ላይ ነው።

፩. ያየነው ነገር

ለልምምድ ተመድበን በነበርንበት ጋራዥ አንድ ኮሮላ መጣ። ኢ 90 ከሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1987 መሠራት ከጀመረው ትውልድ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተር 2 ኢ የሚባለው፥ 1,295 ሲሲ የሆነው ባለካርቡራቶር ነበረ። ይህም በሌላ ጋራዥ ወጥቶ 4 ኤ-ኤፍ ኢ በሚባለው ተተክቷል። አዲሱ ሞተር 1,587 ሲሲ፥ ባለ16 ቫልቭ፥ ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጭ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን ሞተር በዚሁ ትውልድ አካል ላይ ይገጥም ስለ ነበረ ብረቱ ብዙ አላስቸገረም። ችግሩ በሽቦው ላይ ነው። ባለካርቡራቶሩ ሞተር በጥቂት ሽቦ ይኖራል፤ ለቦቢና፥ ለሞተሪኖ፥ ለዲናሞ፥ ለሙቀትና ለዘይት ጠቋሚ የሚሄዱት ከሞላ ጐደል ይበቁታል። ባለኢንጀክተሩ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር በብዙ ሽቦ ካልተነጋገረ ከቶ አይነሣም።

የሾፌሩ አቤቱታ እንግዳ ነበረ። «ቀን ደኅና ነው፤ ሌሊት ቤንዚን ይጠጣል፥ ጥቁር ጢስም ያወጣል» ይል ነበር። በሌላ ስፍራ ሰምተው ስቀውበታል፤ ካንዴላዎቹን ለውጠው፥ የሙቀት ሴንሰሩን ለውጠው፥ ገንዘቡን ተቀብለው ሰደውታል። እኛም በልባችን ሳንስቅ አልቀረንም። በጋራዡ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ግን አልሣቁም። ቀን በቀን ሞተሩን አስነሥተው፥ «እስቲ ልጆቼ፥ መብራቱንም፥ ማራገቢያውንም ሁሉንም አብሩት» አሉ። ባበራን ጊዜ ጢሱ ወጣ። ባጠፋን ጊዜ ተወ። ሌሊቱ ሳይሆን መብራቱ ነበር ለካ!

ከዚህ በኋላ በቮልት መለኪያ በሞተሩ ብረትና በመኪናው አካል መካከል ብንለካ 0.3 ቮልት አገኘን። ከክሩስኮቶው ሥር ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ሶኬት ተቈርጦ ከአካሉ ላይ በብሎን የታሰረ አንድ ቡኒ ሽቦ ተገኘ። «ጋሼ፥ ይህ ሽቦ ከዚህ ለምን ታሰረ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የሠራው ሰው ያውቃል፥ ልጄ» አሉን። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ መነሻ ይህች መልስ ናት።

፪. የነገሩ ምክንያት

ዲናሞው የተቀመጠው በሞተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ የመብራቱ፥ የማራገቢያውና የኋላ መስተዋት ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ሁሉ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ዲናሞው የሚመለሰው በመኪናው አካል አድርጎ፥ አካሉንና ሞተሩን በሚያገናኘው የማሳ ገመድ በኩል ነው። ሁለት ባለ55 ዋት የፊት መብራቶች ብቻ በ12 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባሉ። ሌላው ሁሉ ተጨምሮ 25 አምፔር ቢሆን፥ የማሳው ገመድም ዝጎ 0.012 ኦም ቢኖረው፥ 25 ሲባዛ በ0.012 ልክ 0.3 ቮልት ነው። እንግዲህ አካሉ ከሞተሩ ይልቅ በ0.3 ቮልት ከፍ ብሎ ይቆማል ማለት ነው።

ይህ ለመብራት ምንም አይደለም። ለሴንሰር ግን ብዙ ነው። በዚህ ሞተር ኮምፒዩተሩ የገዛ ማሳውን፥ ኢ1 የሚባለውን፥ የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሴንሰሮቹ ደግሞ ኢ2 የሚባል የራሳቸው ማሳ አላቸው፤ እርሱም በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ይመለሳል እንጂ ከአካሉ ጋር አይነካካም። ያ ቡኒ ሽቦ ኢ2 ነበረ። ባለሙያው «ማሳ ሁሉ ማሳ ነው» ብሎ ከኮምፒዩተሩ ቈርጦ ከአካሉ ጋር አሰረው። ስለዚህ መብራት በበራ ቍጥር የሴንሰሮቹ ንባብ ሁሉ እስከ 0.3 ቮልት ድረስ ከፍ ይል ነበር፤ ከ5 ቮልት ላይ እስከ 6 ከመቶ ማለት ነው። የአየር ግፊቱ ሴንሰር ከፍ ብሎ ሲነበብ ኮምፒዩተሩ ብዙ አየር የገባ ይመስለዋል። የሙቀቱ ሴንሰርም ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንስ ስለ ሆነ፥ ማለትም በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም የነበረው በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ስለሚወርድ፥ ቮልቱ ከፍ ሲል ሞተሩ ገና የቀዘቀዘ ይመስለዋል። በሁለቱም ምክንያት ቤንዚን ይጨምራል። ሾፌሩ እውነቱን ነበር።

፫. ስለ ጋራዡ አሠራር

ከዚህ ምሳሌ ተነሥተን በመጀመሪያ የምንነቅፈው በቀለም መታመንን ነው። ቀይን ከቀይ፥ ቡኒን ከቡኒ መቀጠል በብዙ ጋራዥ የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን የሽቦ ቀለም የሚናገረው በገዛ አገሩ ቋንቋ ነው። በቀድሞው የእንግሊዝ መኪናዎች ደንብ ቡኒ ሽቦ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ በጀርመን መኪናዎች ግን ቡኒ ማሳ ነው። የአንዱን ቡኒ ከሌላው ቡኒ ጋር የቀጠለ ሰው ባትሪውን ከማሳ ጋር ቀጠለ ማለት ነው። በአንድ ፋብሪካ መኪናዎች መካከል እንኳ የአንዱ ዓመት ሥዕል ለሌላው ዓመት ዋስ አይሆንም። ጀርመኖች ከቀለም ይልቅ በቍጥር መታመንን መርጠዋል፤ በደንብ ቍጥር 72552 መሠረት 30 የባትሪ፥ 15 የቍልፍ፥ 31 የማሳ፥ 50 የሞተሪኖ መነሻ ነው። ቍጥር አይደበዝዝም።

ሁለተኛው ፊውዝን እንደ ጠላት መቍጠር ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ከፍ ባለው መለወጥ፥ ከዚያም አልፎ በሲጋራ ወረቀት ብር መጠቅለል የሚታይ ነገር ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለቤንዚን ፖምፓ 5 ሜትር ርዝመት ያለው 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ እንበል። የመዳብ ተቃውሞ በሜትር በካሬ ሚሊ ሜትር 0.0175 ኦም ስለ ሆነ፥ ይህ ሽቦ 0.175 ኦም አለው። ፖምፓው 6 አምፔር ቢስብ 1 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ፖምፓው ይደክማል፥ ሞተሩም ዳገት ላይ ያንገራግራል። ሽቦው 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን የሚጠፋው ሩብ ቮልት ብቻ ነው። ይህ ቀላሉ ነው። በቀጭኑ ሽቦ ላይ 30 አምፔር ፊውዝ ተደርጎ አንድ ቀን 30 አምፔር ቢሄድበት፥ በሽቦው ላይ 157 ዋት ሙቀት ይነሣል። በናስትሮ ተጠቅልሎ ከምንጣፍ ሥር፥ ከቤንዚን ታንክ አቅጣጫ የሚሄድ 157 ዋት ማለት ምን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከዚህ የሚከፋው ግን ፖምፓውን በቀጥታ ከቍልፍ ጋር መቀጠል ነው። ፋብሪካው ለፖምፓው ለብቻው ሪሌ የሰጠው በምክንያት ነው። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላየ ሪሌውን ይለቀዋል፥ ፖምፓውም ይቆማል። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ በጠፋ ጊዜ፥ ቍልፉ ገና ክፍት ሳለ፥ ቤንዚን በተቀደደ ቱቦ እንዳይረጭ ነው። ይህን ሪሌ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ያሳጠረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያጋለጠው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ሦስተኛው ምስክርን ዝም ማሰኘት ነው። የዚያ ዘመን ቶዮታ ኮምፒዩተር ጕድለቱን የሚናገርበት አንድ መብራት አለው። በመመርመሪያው ሶኬት ላይ ቲ የተባለውን ከኢ1 ጋር ቢያገናኙት፥ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቍጥር ይቈጥራል፤ 14 ቢል የእሳቱ ምልክት፥ 22 ቢል የውሃ ሙቀት ሴንሰር፥ 31 ቢል የአየር ግፊቱ ሴንሰር ነው። በባለካርቡራቶሩ ክሩስኮቶ ይህ መብራት ቦታ ስለሌለው በዚያ ኮሮላ ሽቦው ተቈርጦ ተጥሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ባለፈው ታሪክ ይህ መብራት ቢኖርም ላይናገር ይችል ነበር፤ የተዛባው ንባብ ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነበርና። ለሌሎቹ ብዙ ሕመሞች ግን ብቸኛው አስረጅ እርሱ ነው። አንዲት አምፖልና አንድ ሽቦ ለመቈጠብ ሲባል ሞተሩን ድዳ ማድረግ አይገባም።

ሆኖም ባለሙያውን ስንነቅፍ ዕውቀቱን መናቃችን አይደለም። እኛ ሦስት ተማሪዎች በመጽሐፍ ስንገላልጥ፥ መንገዱን ያገኙት መብራት አብሩ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ከልምድ የመጣ ጥያቄ ከመጽሐፍ ከመጣ መልስ የሚቀድምበት ጊዜ አለ። የምንነቅፈው ይህ ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ መቀመጡን ነው። «የሠራው ሰው ያውቃል» የሚለው መልስ፥ የሠራው ሰው ከሌለ ማንም አያውቅም ማለት ነው።

፬. «አዲስ ግዙ» ስለሚሉት

በሌላው በኩል ደግሞ ያገለገለ የሽቦ ጥቅል ለምን ይነካል፥ በልክ የተሠራ አዲስ ጥቅልና ራሱን የቻለ አዲስ ኮምፒዩተር ከውጭ አገር ማስመጣት ነው የሚሻለው የሚሉ አሉ። ይህ ሐሳብ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ በውጭ አገር ብዙዎች የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ያገለገለ ሞተር የገዛው ሰው የገዛው ገንዘብ ስላነሰው ነው። ከሞተሩ ዋጋ የሚበልጥ ሽቦ ግዛ ማለት ምክር አይሆንም። ደግሞም አዲሱ ጥቅል ቢሆን ከአሮጌው መኪና ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው፤ በዚያ ቦታ የሚሠራው ስሕተት ያው ነው።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ካን የተባለውን የኮምፒዩተሮች መነጋገሪያ ካስተዋወቀ ወዲህ፥ እየቈየ የሞተሩ፥ የፍሬኑና የክሩስኮቶው ኮምፒዩተሮች በሁለት ሽቦ ላይ የሚነጋገሩ ሆነዋል። ቍልፉን የማያውቅ የሞተር ኮምፒዩተር ሞተሩን አያስነሣም። በእንዲህ ያለው ላይ በቀለም መቀጠል ከቶ አይሞከርም። አሮጌውን በሥርዓት መሥራት ያልለመደ እጅ አዲሱን ሊነካ አይችልም፤ ስለዚህም ልምምዱ ከአሁኑ ሊጀመር ይገባል።

፭. ስለ ራሳችን

ሦስተኛው ነቀፋችን በእኛ በተማሪዎቹ ላይ ነው። የኦምን ሕግ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ነገር ግን በአንድ የማሳ ገመድ ላይ 0.3 ቮልት እንደሚጠፋ፥ ያም ሾፌሩን ገንዘብ እንደሚያሳጣው ማን ያስባል? በክፍል ውስጥ ማሳ በሥዕል ላይ ሦስት አጫጭር መሥመር ነው፤ ሁሉም ቦታ ዜሮ ነው ብለን እንፈታዋለን። በመኪና ላይ ግን ማሳ ብረት፥ ቀለም፥ ዝገትና ብሎን ነው። የማሳ ገመድ ጨርሶ ተረስቶ ሞተር ሲገጠም፥ ከመቶ አምፔር በላይ የሚስበው የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል መንገድ ፈልጎ ገመዱን የሚያግልበት ጊዜ አለ። ይህን በሥዕል ላይ አናየውም።

ከዚህም ሌላ የሽቦ ሥራን የእጅ ሥራ ነው ብለን ዝቅ አድርገን የማየት ልማድ አለብን። የሞተርን ኀይል ማስላት ክብር፥ ሽቦ መቈጣጠር ግን ውርደት የሚመስለው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ያ ሾፌር ግን ያጣው የፈረስ ጕልበት ስሌት አልነበረም። ያጣው የአንድን ቡኒ ሽቦ ታሪክ የጻፈ ሰው ነው።

፮. ምን ይደረግ?

ሂስ መንገድ ካላሳየ ወቀሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚያው ኮሮላ ላይ ከሽማግሌው ጋር የሠራነውን ባጭሩ እናቀርባለን።

የሞተር ሽቦ ጥቅል አንድ ሙሉ አካል ነው። ከሴንሰሮቹና ከኢንጀክተሮቹ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ማንም ሊቈርጠው አይገባም። ሞተር ሲገዛ ጥቅሉ፥ ሶኬቶቹና ኮምፒዩተሩ ሳይቈረጡ አብረው ይገዙ፤ ሻጩ «ሽቦው ምን ያደርግልሃል?» ቢል አይሰማ። ሥራው ያለው በድንበሩ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሞተሩ ጥቅል ከመኪናው ጥቅል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በድንበሩ የሚያልፉትን ብንቈጥር ጥቂት ናቸው። ዘወትር ክፍት የሆነ የባትሪ ሽቦ፥ የቍልፍ ሽቦ፥ የሞተሪኖ መነሻ፥ የፖምፓ፥ የዲናሞ መብራት፥ የሙቀት ጠቋሚ፥ የዘይት መብራት፥ የዙር ቈጣሪ፥ የፍጥነት ምልክት፥ የመመርመሪያው መብራት፥ እነዚህና ማሳው ናቸው። በጠቅላላው ከአንድ ደርዘን እምብዛም አይበልጡም። ከመቶ ሽቦ ጋር መታገል የመሰለን ሥራ በውነቱ ከደርዘን ሽቦ ጋር ነው።

በድንበሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የክሩስኮቶው ሙቀት ጠቋሚ የራሱ ባለአንድ ሽቦ ሴንሰር አለው፤ ከኮምፒዩተሩ ባለሁለት ሽቦ ሴንሰር ላይ ቢቀጠል ሁለቱም ይዋሻሉ። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በባለስድስት ሲተካ ዙር ቈጣሪው በአንድ ከግማሽ እጥፍ ያነባል። የዙር ሴንሰሩ ሽቦ መከላከያ ልባስ ካለው ልባሱ አይገፈፍ። ምርመራው በቮልት መለኪያ ይሁን፤ ባለ5 ዋት የመሞከሪያ መብራት 0.4 አምፔር ስለሚስብ የኮምፒዩተሩን ውስጥ ሊጐዳ ይችላል። ማሳው ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ፥ ከሞተር ወደ አካል፥ ከባትሪ ወደ ሁለቱም በወፍራም ገመድ ይታሰር።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀት ይጻፍ። ባለሦስት ዐምድ አንድ ገጽ ይበቃል፤ በአንደኛው ሽቦው ከሞተሩ በኩል ያለው ስምና ቀለም፥ በሁለተኛው ከመኪናው በኩል ያለው፥ በሦስተኛው የፊውዙ ልክ ይጻፍ። ወረቀቱም በላስቲክ ተሸፍኖ ከፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ጋር ይቀመጥ።

ይህን ስንል የሚነሣውን ተቃውሞ ሰምተናል። «ወረቀት የቢሮ ነው፤ ባለመኪናው ለወረቀት አይከፍልም። ደግሞ ምስጢሬን ጽፌ ብሰጥ ነገ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል» ይባላል። ለመጀመሪያው መልሳችን፥ ያን ገጽ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ያህል የፈጀብን ሲሆን፥ ያ ገጽ ስላልነበረ ግን አንድ ሽቦ ለማግኘት ሦስት ቀን መፍጀታችን ነው። ለሁለተኛው መልሳችን ይህ ነው፤ ምስጢሩ ባለሙያውን ራሱንም ይከዳዋል። ከዓመት በኋላ ያው መኪና ተመልሶ ሲመጣ የገዛ ሥራውን እንደ እንግዳ ሥራ ቈፍሮ ይፈልገዋል። ደንበኛን የሚያቈየው የታሰረ ምስጢር አይደለም፤ የሚያቈየው የማይቃጠል ሽቦ ነው።

የዚያ ኮሮላ ቡኒ ሽቦ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ማሳው ተለወጠ፤ ወረቀቱም ከክዳኑ ጋር ተቀመጠ። ሾፌሩ መኪናውን ሲረከብ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፥ «ይህ ምንድን ነው?» አለን። ሽማግሌው ቀድመውን፥ «የሠራው ሰው ሲጠፋ የሚናገርልህ ነው» አሉት።

በዚህ ጽሑፍ የሳትነው ነገር ቢኖር መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን፥ ከሁሉም ይልቅ በጋራዥ ያደጉት፥ እንዲያርሙን እንለምናለን። በየልምምዱ የሚገጥመንን የሽቦ ሥራ እያንዳንዳችን በአንድ ገጽ እየጻፍን ብናመጣ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ቡኒ ሽቦ እንደ ገና ከመጀመሪያው አይፈልግም።